ክዳኑ ተገልጦ የተለካው አርባ

ታላቅ ወንድሟ የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ በግራ እጁ አምጥቶ የፍተሻ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ቀኙ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ፊርማ ያንቺ ነው?» አላት፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት እየዘረጋ።

የእሷ ነበር። ለማሽን መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን እነዚህን ዕቃዎች ፈትሻ የምትፈርመው እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ የክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው።

«አርባ አምፒር ይላል። እኔ የጫንኩበት ሠላሳ ነው፤ ሠላሳ! ሸተተኝና ሳጥኑን ስከፍተው እሳቱ ቦግ አለብኝ። አሁን ‹ከአቅሙ በላይ ጭነህበት ነው› ብለው ከሥራ አግደውኛል። እኔ እኮ ያንቺን ስም አይቼ ነው ዓይኔን ጨፍኜ ያመንኩት!»

«ጋሼ…» አለች፣ ወረቀቱን ከእጁ እየተቀበለች።

ነገሩን አሳምራ ታውቀዋለች። አርባውን የለካችው በቀዝቃዛ ክፍል፣ የዕቃው ክዳን ተገልጦ፣ ማራገቢያ ከፊቱ ተደግኖ ነው፤ ያውም ለአሥር ደቂቃ። ዕቃውን የሚሠራው የእሷ ፋብሪካ መመሪያ እንዲያ ይላል። ዕቃው ሥራ የሚውለው ግን በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ብናኝና ሙቀት እያፈነው። ይህን እያወቀች ስድስት ዓመት ፈርማለች። ንዴቱ መጀመሪያ የለበለባት በራሷ ላይ ነበር።

ከመጋዘን ሦስት አዳዲስ አወጣች። የብረት ሳጥን ውስጥ ዘጋችባቸውና ሙቀቱን ሃምሳ ዲግሪ አድርሳ ሠላሳ አምፒር ጫነችባቸው። አንደኛው አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይቶ ጠፋ። ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው ጨሰ። ሌሎች ሦስት አምጥታ ጭነቱን ወደ ሃያ አራት ስታወርደው ቀኑን ሙሉ ሳይጠፉ ዋሉ።

«ሃያ አራት ነው እንጂ አርባ አይደለም!» ብላ ውጤቱን የፋብሪካዋ ሥራ አስኪያጅ ፊት ወረወረችው።

ሰውየው ቀና እንኳ አላለም። «አርባውን ማን ለካው? አንቺ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ለክቻለሁ። አልብሳችሁ የምትሸጡትን ራቁቱን ለካሁላችሁ!»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለካው። እኛ ብቻችንን ሃያ አራት ብንል ማን ዞር ብሎ ያየናል?»

«እንዲያ ከሆነ ማራገቢያውንም እኔንም ካርቶኑ ውስጥ ጨምራችሁ ሽጡና! የወንድሜ እጅ ተልጧል እኮ ነው የምልዎት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም!»

በማግስቱ የሁለቱንም አለካክ ከነውጤቱ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለክር ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ በእጇ ሰጠች። ኃላፊው በራሱ ሳጥን ሞከረው፤ እዚያም ጠፋ። ወንድሟ በሳምንቱ ይቅርታ ተጠይቆ ሥራው ላይ ተመለሰ።

እሷን ግን ማሸጊያ ክፍል ወረወሯት። ከወር በኋላ አዲሱ ወረቀት ታትሞ መጣ። አርባው እንደ ደመቀ ቦታው ላይ አለ። ከግርጌው ጉንዳን ጉንዳን በሚያህሉ ፊደሎች «በሃያ ዲግሪ፣ ክዳኑ ተገልጦ፣ በማራገቢያ፣ ለአሥር ደቂቃ» የሚል ተጨምሯል።

ደሟ ፈላ። «ይሄን ማን እንዲያነበው ነው?» አለች።

«ማንም እንዳያነበው ነዋ» አለቻት አጠገቧ የምታሽገው ሴትዮ፣ ካርቶን እየለጠፈች።

ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። እያንዳንዱን ወረቀት ከመክተቷ በፊት ከግርጌው ጽሑፍ ሥር አሰመረችበት፤ ከጎኑም «በተዘጋ ሳጥን ሃያ አራት» ብላ ጻፈች። ሴትዮዋ ጥቂት አየቻትና እሷም እስክሪብቶ ፈለገች።

ሥራ አስኪያጁ በሦስተኛው ቀን ደረሰባት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካርቶን ተጭኖ ሄዷል። «ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸ። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዋ ወስዳ፣ የሴትዮዋን ስም ሳታነሳ ወጣች።

በዚያ ሳምንት ደንበኞች «በቀይ የተጻፈው እውነት ነው ወይ?» እያሉ ይደውሉ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደዋዮች «የተባረረች ሠራተኛ ተንኮል ነው» አላቸው። ሦስተኛው ደዋይ ግን በተዘጋ ሳጥን ሞክሮት ነበር የደወለው።