የሚያስል ጂን

መምህር ወልደአረጋይ አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ ልጆችን የሚያስተምረውን ነገር ራሱም ያምንበታል። በዚያ ዘመን ይህ ደግ አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. አንኮበር ጎረቤላ ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ማለት የአገሩን ካርታ ሰቅሎ፣ ወንዙን በዱላ እየነኩ ስሙን ማስጠራት ነበር። ደሞዝህን ትበላለህ፣ ማንም አይደርስብህም። እሱ ግን አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም።

ኅዳር መግቢያ ላይ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ነጭ ወረቀት አደለና፣ «ከቤታችሁ እስከዚህ ያለውን መንገድ ሳሉልኝ» አላቸው። «መጽሐፉን አትዩ። ሰሜን ከላይ ይሁን ከታች ግድ የለኝም። በመንገዳችሁ ያለውን፣ የምትወዱትን፣ የምትፈሩትንም ሳይቀር አስገቡ።»

«የምትፈሩትንም» ያላት ቃል ናት ጉድ ያመጣችው። እሱ ምን አውቆ!

ወረቀቱ ሲመለስለት ደስታውን አልቻለውም። የደገኞቹ ልጆች ሁሉም ቤተ ክርስቲያናቸውን ከላይ አስቀምጠው፣ የቆላዋን ገበያ አልዩ አምባን ከወረቀቱ ግርጌ ጣል አድርገዋታል። ከቆላ ሽቅብ እየወጡ የሚማሩት ደግሞ ገበያቸውን መሀል አድርገው፣ መስጊዱንና የሎሚውን ዛፍ ዙሪያውን ደርድረው፣ አንኮበርን ጥቁር ግድግዳ አድርገው ከላይ አቁመውታል። ክፍሉ በጭቅጭቅ ታመሰ።

«አንኮበር እኮ የአገር አናት ነው!» አለ አንድ የቄስ ልጅ።

«ለእናንተ ነዋ! ለእኛ ትንፋሽ የሚቆርጥ ዳገት ነው። በየቀኑ ና ውጣውና ታየዋለህ» አለችው መሊካ። መሊካ የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ምላሷ የማይሰንፍ።

ወልደአረጋይ እጁን እያፋተገ ሳቀ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ካርታ የሚሠራ ሰው የቆመበትንም ቦታ አብሮ ነው የሚስለው» አላቸው።

ከሁሉም የመሊካ በለጠ። እያንዳንዷን መታጠፊያ፣ እያንዳንዱን ገደል ሥላዋለች። ከምንጩ በታች፣ ከቋጥኙ ሥር፣ ትንሽ ጥቁር ጉድጓድ አድርጋ በጎኑ እንዲህ ጽፋለች፦ «የጂን ቤት። ያስላል። እናቴ ቂጣ ታስቀምጥለታለች።» መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ካርታዋን ግድግዳው ላይ ከሁሉም መሀል ሰቀለላት።

ማክሰኞ ጓድ ኃይለ ገብርኤል መጣ። ይህ ሰው የወረዳው የምልመላ ኮሚቴ ነው፤ የመልአክ ስም ይዞ የሰው ልጅ ሲለቅም የሚውል። ለብሔራዊ ውትድርና እያንዳንዱ ቀበሌ ይህን ያህል ወጣት አምጣ ተብሎ፣ ጎረምሳ የሚባል ከአገሩ ጠፍቶ ነበር። ከፊሉ ታፍሷል፣ ከፊሉ ሸሽቷል፣ የቀረው የት እንዳለ እናቱ ብቻ ታውቃለች። ጓድ ኃይለ ገብርኤል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ካርታዎቹን አንድ በአንድ አየ። የመሊካ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«ቂጣ የሚበላ ጂን! ይኸ ነው የተማረ ትውልድ?» ቀጥሎም፣ «ቢሯችን ያለው ካርታ የእግር መንገድ አያሳይም። እነዚህን ሁሉ ዓርብ አምጣልኝ። ስንት ናቸው?» አለ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሠላሳ ስምንቱንም። የጂኗ እንዳትቀር፤ ለጓዶች አሳያቸዋለሁ።»

ወልደአረጋይ፣ ምን ይባላል፣ ኮራ። ሥራው ለመንግሥት ቢሮ ተፈለገ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማም?

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ዳገቱን ሳታርፍ የወጣች ይመስላል፤ ላብ በላብ ናት። የመሊካ እናት ዙቤዳ ነበረች።

«መምህር፣ አላህ ይስጥዎትና ልጄ የሳለችውን ወረቀት ይስጡኝ።»

«ምነው? ጂኑ ተቆጣ እንዴ?» አለ እየቀለደ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። ግራ ቀኙን አየች፤ ከጭጋጉ በቀር ሰው የለም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጂን አይደለም» አለችው። «ዓወል ነው፤ የበኩር ልጄ። ስምንት ወሩ እዚያ ጉድጓድ ከገባ። ብርዱ ደረቱን ይዞት ያስለዋል። ለእህቱ ጂን ነው አልኳት። ልጅ ናት፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ። አፏን ዘጋሁ፤ እጇን ረሳሁት፣ መምህር።»

ወልደአረጋይ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ወረቀት ተቆጥሯል። ጠፋ ቢል መጀመሪያ ተጠርታ የምትጠየቀው መሊካ ናት። ጉድጓዱን ፍቆ ቢሰጥ ጓድ ኃይለ ገብርኤል የጂኗን ብሎ በስም ጠርቷታል። ቂጣ የሚበላ ጂን! ሰውየው የሳቀው ሳቅ ቢሮው ደርሶ ሲያልቅ ምን እንደሚያስብ ለመገመት ካድሬ መሆን አያሻም።

«ይሂዱ፤ አንድ ነገር አደርጋለሁ» አላት። ወንድ ልጅ ቃሉን ሰጠ እንግዲህ።

ሐሙስ ልጆቹ ሲወጡ ክፍሉን ከውስጥ ዘጋና ተቀመጠ። ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል። የመሊካን ካርታ ከፊቱ ዘርግቶ፣ በእሷ እርሳስ፣ በእሷ ጠማማ ፊደል፣ እንዳለ ገለበጠው። መንገዱን፣ ምንጩን፣ ቋጥኙን ሁሉ። የቀረው የጂኑ ቤት ነው፤ ጓዱ በጽሑፉ ሲስቅ ቦታውን ልብ አላለውም። የት ያስቀምጠው? ሕይወት ያለው ነገር የማይደርስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሚሊሻ ሄዶ ድንጋይና የሌሊት ወፍ ብቻ አይቶ፣ ሕፃን ያወራችው ተረት ነው ብሎ የሚመለስበት።

የእማሆይ ዋሻ ትዝ አለው።

ዋሻው ከዳገቱ ጫፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ነገሩን የነገሩት አከራዩ እትዬ ወለተሐና ነበሩ። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢያቸው ያለችውን ክፍል ለእሱ አከራይተው አራት ዓመት እንደ ልጅ ይዘውታል። አንድ ልጃቸው ዘርአ ዳዊት ቅኔ ሊማር ጎጃም ከወረደ ዓመት አለፈው። «ያን ዋሻ በሩቁ!» ብለውት ነበር። «ሟቿ እማሆይ ዛሬም ዳዊት ይደግሙበታል። በጆሮዬ ሰምቼ ነው የምነግርህ።» እንጨት ለቃሚ እንኳ መንገድ ቀይሯል። ወልደአረጋይም ተምሬያለሁ ባይ ነውና ስቆባቸው ነበር፤ ግን አንድ ቀን በጭጋግ በዚያ ሲያልፍ ከመሬት ሥር ቀጭን ማጉረምረም ሰምቶ፣ ኮፍያው ወድቆ ሳያነሳው ነው የሮጠው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

«ሙት አይታፈስም» አለ ለራሱ። ጥቁሩን ጉድጓድ እዚያ ላይ አደረገው። ዋናውን ካርታ ቀድዶ ማታ ቤቱ ሲገባ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ዓርብ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ወረቀት ቆጥሮ አስረከበ።

ሰኞ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የአዋሽን ተፋሰስ እያስተማረ ነበር። ጭጋጉ ድንገት ገለጥ አለ። ከዳገቱ ጫፍ አምስት ሚሊሻዎች ብቅ አሉ፤ መሀላቸው እጁ የፊጥኝ የታሰረ፣ ጠጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ወጣት አለ። አንገቱ ላይ የዳዊት ማኅደር ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ወንበራቸውን ጥለው ወደ መስኮቱ ተሻሙ።

«ዘርአ ዳዊት ነው!» አለ የቄሱ ልጅ። «ጎጃም ነው አልተባለም እንዴ?»

ከኋላ፣ ነጠላቸው ከአፈር እየተጎተተ፣ እትዬ ወለተሐና ይሮጣሉ። «ልጄን! ስለ ማርያም ልጄን!» ይላሉ። አንዱ ሚሊሻ ዞሮ በሰደፍ ገፋቸው። ወደቁ፣ ተነሡ፣ እንደገና ሮጡ።

አይ ወልደአረጋይ! አራት ዓመት አንድ ግቢ! በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ መሶባቸውን ሸፍነው «ለነዳያን» እያሉ ሲወጡ፣ ይኸ ሁሉ ነዳይ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። የሞቱት እማሆይ የሚደግሙት ዳዊት የዘርአ ዳዊት ነበር፤ ብቻውን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንዳያብድ። የቆላዋ እናት ልጇን በጂን ሸፈነችው፣ የደጋዋ በሙት። ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ አሰቡ። በዚያ ዓመት በዚያ አገር የሚያስፈራ ዋሻ ሁሉ ውስጡ የሚተነፍስ ሰው ነበረበት፤ ይህን ለማወቅ እናት መሆን በቂ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ ግን ባዶ ቦታ ነው ብሎ ምልክት አደረገበት።

ያን ለት የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረሰ አያስታውስም። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ዙቤዳ አንድ ቁና ሎሚና ዶሮ ይዛ መጣች። «ዓወል በሌሊት አፋር ወርዶ አሳይታ ገባልኝ፤ አጎቱ ዘንድ። አላህ ልጆች ይስጥዎት፣ ይኑሩልዎት» ብላ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። እጁን ነጠቃት። ሎሚውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠው። ዶሮዋን ግን እትዬ ወለተሐና፣ «ምነው ልጄ፣ ጠቁረሃል፤ ምግብ ተውክ እኮ» ብለው ራሳቸው ሠሩለት። ልጃቸውን የነጠቃቸውን ሰው እያጎረሱ አስለቀሱት። ያዘነላቸው መስሏቸው እሳቸውም አብረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ማጉረምረሙን ይሰማዋል። ዋሻው ባዶ ነው፤ ራሱ ወርዶ አይቷል። ገለባና የሻማ ጭላጭ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ክፍል ውስጥ ጠመኔ አንስቶ ሲጽፍ ከኋላው አንድ ሰው ዳዊት ይደግማል። ዞር ሲል ልጆቹ ዝም ብለው ያዩታል።

በጥር፣ እስቲ ቢቀለኝ ብሎ፣ ያንኑ ሥራ ደግሞ ሰጣቸው። ሠላሳ ስምንቱም ወረቀት አንድ ሆኖ መጣ፤ አንድ ቤት፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ አንድ ትምህርት ቤት። ገደል የለ፣ ምንጭ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ መስጊድ የለ።

«መሊካ፣ በመንገድሽ ላይ ምንም የለም?» አላት።

«የለም፣ መምህር።»

«የምትፈሪውስ?»

«የለም» አለችው፣ ዓይኗን ከዴስኩ ሳታነሳ። ይህችን ልጅ ያስተማራት እሱ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ መጣ። እትዬ ወለተሐና ማንበብ አይችሉምና እሱ አነበበላቸው። ዘርአ ዳዊት ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ናቅፋ ግንባር ተልኳል፤ ደኅና ነኝ፣ ጸልዩልኝ ይላል። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያ፣ «ያን የምታስተምርበትን ትልቁን ካርታ አሳየኝ» አሉት።

ዛሬስ እነግራቸዋለሁ አለ በልቡ። ይግደሉኝ፣ ይርገሙኝ፣ ብቻ ይወቁ። ባዶው ክፍል አስገብቶ ካርታው ፊት አቆማቸው።

«የእኛን ቤት አሳየኝ።»

«የእኛ ቤት የለበትም፣ እትዬ። አንኮበር እዚህ ጋ ነው።»

«የት ጋ? ጣቴን ያዝና አስቀምጠው።»

ጣታቸውን ያዘ። ሻካራና ሙቅ ነበር። አንኮበር ላይ አስቀመጠው፤ ወደ ላይ መራው። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ። እዚያ ላይ ሴትዮዋ ጣታቸውን አቁመው በሌላው እጃቸው የመጡበትን ለኩት።

«ይኸማ ቅርብ ነው። ስንዝር እንኳ አይሞላ። ስንቅ ቋጥሬ እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር…» አለ።

«ቆይ፣ አስጨርሰኝ» አሉት፤ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። «ያን ዋሻ የጠቆመብኝ ሰው፣ የእማሆይ አምላክ ይፍረድበት። ልጅ ይስጠውና እንደ እኔ በጣቱ ይፈልገው። በወረቀት ላይ ይፈልገው።» ዞር ብለው አዩት። «አሜን በል እንጂ! ብቻዬን ልርገም?»

«አሜን» አለ ወልደአረጋይ።

እሳቸውም ጣታቸውን ደሴ ላይ እንዳለ አጽንተው፣ «በል ምራኝ። ከዚህ በኋላስ በየት ነው?» አሉት።