የሚቆረቁር ሽጉጥ

የመጀመሪያው እርግጫ ጎድኗ ላይ ሲያርፍ ዶሪን ካስቲል በጀርባዋ ተኝታ ሰንሰለቱን ከፒካፑ ሆድ ሥር እያሰረች ነበር። መኪናው ተንሸራቶ የወደቀባት መሰላት። ሁለተኛው ሲደገም ግን ጫማውን አየችው። አፍንጫው ብረት የለበሰ የሥራ ቦት ጫማ ነው።

"ውጪ ከመኪናዬ ሥር! አንቺ የመንገድ ሌባ!" አለ የጫማው ባለቤት።

ዳሬል ቦግስ ነበር። ፒካፑን የክሊኒኩ አምቡላንስ መግቢያ ላይ ገትሮ የሄደው ማለዳ ነው፤ እንዲነሳ ያዘዘው ሸሪፉ ነው። ይህንን ልትነግረው አፏን ስትከፍት እግሯን ይዞ በጠጠሩ ላይ ጎተታት። እጇ ወደ ወገቧ ሄደ። ወገቧ ላይ ምንም አልነበረም። የባሏ የቨርነን ትልቁ ሽጉጥ በጉተታ መኪናዋ ወንበር ላይ፣ ከግማሽ የተበላ ሳንድዊች ጎን ተጋድሟል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ትታጠቀዋለች። መኪና ሥር መተኛት ስትጀምር የዳሌ አጥንቷን እየወጋ ያስቸግራታል፤ ያኔ ፈትታ ወንበሩ ላይ ታኖረዋለች። ያን ቀንም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ወደ መኪናዋ መዳህ ጀመረች። በሩ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ፀጉሯን ይዞ ፊቷን ከመወጣጫው ብረት ጋር አላተመው። ጥርሷ ሲሰበር ድምፁን ከውስጥ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የክሊኒኩን ዘበኛ ጩኸትና አፏ ውስጥ የሞላውን ጠጠር የተቀላቀለበት ደም ነው።

ዳሬል ብዙ አልታሰረም፤ ዳኛው በዋስ ለቀቀው። ወደ ዶሪን እንዳይጠጋ፣ ፒካፑንም ሌላ ሰው ልኮ ከእነ ዶሪን የጉተታ ግቢ እንዲያስወጣ ታዘዘ። በተለቀቀ ማግስት የግቢው ስልክ ጮኸ።

"መኪናዬን የማወጣው ራሴ ነኝ" አለ። "ያን ቀን በእግሬ ብቻ ነው የተጫወትኩት።" ዘጋው።

ሸሪፉ ቃሏን ተቀብሎ የፖሊስ መኪና በየቀኑ በግቢው በኩል እንደሚያልፍ ቃል ገባላት። ዶሪን ግን የተወለደችው እዚያው፣ ኦዛርክ በሚባለው ኮረብታማ አገር ነው። አንድ ፖሊስ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ዞሮ እስኪመጣ ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ቤቱ ገብቶ እራቱን እንደሚበላ ታውቃለች።

ስለዚህ ጎድኗን በፋሻ እንዳሰረች የቨርነንን ሽጉጥ ይዛ ወደ ኦርቪል ግሬንጀር ሱቅ ሄደች። ሽማግሌው የዓሣ ማጥመጃ ትልና የጦር መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣሉ። ፊቷን አይተው በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። ሽጉጡ ዳሌዋን እየወጋት ፈትታ እንደምታስቀምጠው ነገረቻቸው።

"ቨርነን ምን አለ?"

"'እኔን አይወጋኝም' አለ፣ ጋሼ።"

"የቨርነንን ዳሌ ሐኪምም ፈልጎ አያገኘውም፤ ስብ ውጦታል።"

ዶሪን ሳቀች፤ ሳቁ ጎድኗን ሲይዘው ጠረጴዛውን ጨበጠች። ከዚያም በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትንሹን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። እንዳይወጋት፣ እንዳይከብዳት፣ ከላይዋ የምታወልቅበት ምክንያት እንዳይኖራት ነው የፈለገችው። ሽማግሌው መዳፍ የምታህል ሽጉጥ አወጡ። ዶሪን ኪሷ ከትታ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ጎንበስ ቀና አለች። ሽጉጧ ያለችም አትመስልም።

"በቃ፣ ይቺው ትሁን" አለች።

"መጀመሪያ ተኩሺባት።"

ከሱቁ ጀርባ ጭድ ክምር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ትንሿ ጣቷ ከእጀታው ተርፋ አየር ላይ ተንጠለጠለች። ስትተኩስ ሽጉጧ እንደ ድመት ከእጇ ልትዘል አለች፤ ንዝረቱ በክንዷ አልፎ የተሰበረው ጎድኗ ውስጥ ገባ። ካዝናውን ስትጨርስ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። በቨርነን ትልቁ ሽጉጥ ስትተኩስ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ መሀል ላይ፣ አንድ ኩባያ በሚሸፍናቸው ቦታ ተሰበሰቡ።

"እንግዲህ ይኸው ነው" አሉ ኦርቪል። "ትንሿ ትመችሻለች፣ አትመታልሽም። ትልቁ ይመታልሻል፣ አይመችሽም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ ደግሞ የወንበሩ ነው፤ ያንቺ አይደለም።"

ሦስተኛ አመጡ፤ ቀጠን ያለ፣ እጀታው ትንሿን ጣቷን የሚያስጠጋ። ተኮሰችበት። ቀዳዳዎቹ እንደ ትልቁ ባይሰበሰቡም ከሰው ደረት አይወጡም። ዶሪን እሱን እንደምትወስድ ስትናገር ሽማግሌው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦርቪል ልማድ አላቸው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ይቀልድበታልም። በየሽጉጡ ልክ ላስቲክ አቅልጠው ያፈስሳሉ፤ ክብደቱ እኩል እንዲሆን ውስጡን እርሳስ ይሞሉታል። ከእውነተኛው ጋር እንዳይምታታ ቀለሙ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ለመታጠቂያ የሚሆን ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ላስቲኩን ታጥቆ ካልከረመ እውነተኛውን አይሸጡለትም። እሁድ ቤተክርስቲያን አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ወንድ ግማሹ አንድ ሰሞን ላስቲክ ታጥቆ ዘምሯል።

"ተኝተሽበት፣ መኪና ነድተሽበት፣ ሽንት ቤት ተቀምጠሽበት ነይ" አሏት። "ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ መምዘዝ ተለማመጂ። ሽጉጥ የሚመረጠው በወገብ እንጂ በእጅ አይደለም።"

"እሱ ደግሞ እስክመርጥ ይጠብቀኛል?"

"እስከዚያ ትልቁ ካጠገብሽ አይራቅ።"

በመጀመሪያው ቀን ላስቲኩ አላስቀምጥ አላት። አፎቱን በቀበቶዋ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ አደረገችው። በማግስቱ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ብታንሸራትተው ከአጥንቷ ሸሽቶ ሥጋዋ ላይ ተኛላት። ፒካፕ ሥር ተኛችበት፤ አልወጋትም። ሰሃን አጠበችበት። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት ሸሚዟን በግራ እጇ ትገልባለች፤ በቀኟ ትመዛለች። ሰማያዊው ነገር በየቀኑ እየፈጠነ ይወጣል።

"በላስቲክ እንዳትገይኝ፣ ሴትዮ" ይላል ቨርነን፤ ዳቦውን መረቅ ውስጥ እየነከረ። "ኦርቪል ጥይቱንም ከማስቲካ ሠርተው ነው የሰጡሽ?"

ሳምንት ሊሞላት ሲል ላስቲኩን ስትታጠቅም ስትፈታም አታስተውለውም ነበር። እንደ ጋብቻ ቀለበቷ ሆነ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አንድ የጭድ መኪና ቦይ ውስጥ መውደቁ በስልክ ተነገራቸው። በጎድኗ ምክንያት ለጉተታ የሚወጣው ቨርነን ነው። ትልቁን ሽጉጥ ከተሰቀለበት ምስማር አውርዶ ቀበቶው ላይ እያጠለቀ፣

"አንቺስ?" አላት።

ዶሪን ወገቧን መታ መታ አደረገች። "የኔ እዚህ አለ።"

"እሺ" አለና ሄደ። ከሁለቱ አንዳቸውም ምን እንደተባባሉ ልብ አላሉም።

ዳሬል በዋናው በር አልመጣም። የጀርባውን አጥር በመቁረጫ ከፍቶ ገባ። ዶሪን የምታውቀው የተቀመጠችበት የግቢው ቢሮ መስኮት ተሰባብሮ ጭኗ ላይ ሲዘረገፍ ነው። ወዲያው በሩ በእርግጫ ተበርግዶ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ መጣ።

"የግቢውን በር ቁልፍ" አለ።

ዶሪን ተነሳች። መነሳቷን ያወቀችው ግን ግራ እጇ ሸሚዟን ገልቦ፣ ቀኟ እጀታውን ከጨበጠ በኋላ ነው። ዓይኗ የዳሬልን ሸሚዝ ሦስተኛ ቁልፍ ለዒላማ መርጧል። ትንፋሿ ረግቷል። በዚያች ቅጽበት ልትገድለው ነበር፤ ፍርሃትም ሆነ ጥያቄ ውስጧ አልነበረም። አውራ ጣቷ እጀታው ላይ የብረቱን ማቆለፊያ ሲፈልግ ልሙጥ ላስቲክ ብቻ አገኘ። በገላዋ ሙቀት ሞቆ ነበር።

ዳሬል ቆመ። እጇን አየ።

"ሽጉጥ ገዛሽ እንዴ?"

"ውጣ።"

"አውጪያት እስቲ፣ እኛም እንያት።"

ዶሪን አልመዘዘችም። እንደጨበጠችው፣ ሸሚዟ ሥር፣ ገና ሽጉጥ ነው። ከወጣ ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ሸሪፉ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገረችው፤ ውሸት ነበር። ድምጿ ከባዶው የጥርሷ ቦታ ላይ ፉጨት እየቀላቀለ ይወጣል።

"ያቺ ጥርስሽ ከጫማዬ ሥር ሳትኖር አትቀርም፤ ስራመድ ትቆረቁረኛለች" አለ ዳሬል፤ አንድ እርምጃ ቀረበ። "አትተኩሺም። የሚተኩስ ሰው ይሄኔ ተኩሷል።"

ብረቱን አነሳ። ዶሪን ወደ ጎን ስትወድቅ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ አርፎ ስልኩን አደቀቀው። ያኔ መዘዘች። ዳሬል ሰማያዊውን ነገር አየ፤ ምን እንደሆነም ወዲያው ገባው፤ አፉ ለሳቅ ተከፈተ። በተከፈተው አፉ ላይ እርሳስ የሞላበትን ላስቲክ ባላት ኃይል ሁሉ አሳረፈችበት።

ጥርስ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ታውቀዋለች። ዳሬል በጉልበቱ ወደቀ። ብረቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹን በተረከዟ ረገጠችና ጆሮ ግንዱን መታችው። ግንባሩ ወለሉን ነካ። ከዚህ በኋላ አልተንቀሳቀሰም፤ ብረቱም ከእጁ ርቆ ነበር። ዶሪን ክንዷ እንደተነሳ አየችው፤ ጎድኗ በየትንፋሿ ይጮኻል፤ ደሙ በተሰባበረው መስታወት መሀል እየሰረገ ነው። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ መታችው።

ቨርነን ሲመለስ የጎማ መፍቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ዳሬል ወለሉ ላይ በአፍንጫው እያንኮራፋ ይተነፍሳል። ቨርነን የራሱን ወገብ አየ፤ የእሷን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ እኮ... አለሽ ብዬ..." ብሎ መጨረስ አቃተው። "እኔም አለኝ ብዬ ነበር" አለችው።

ፋሻዋ ገና ሳይፈታ ወደ ኦርቪል ሱቅ ተመለሰች። ሽማግሌው ሰማያዊውን ላስቲክ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ገለባበጡት። አፈሙዙ ላይ የጥርስ ምልክት ጎድጉዶ ይታያል።

"ይሄንን ከእንግዲህ ለሌላ ሰው አላውሰውም" አሉ። ጠረጴዛው ላይ አኑረውት፣ "ሰውዬውስ?"

"መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል። አሁን ዋስ ከልክለውታል።"

"መልካም። ላስቲኩስ ተመቸሽ?"

"በጣም ተመቸኝ። ችግሩ እሱ ነው፣ ጋሼ" አለች። "ምን እንደታጠቅሁ እስክረሳ ተመቸኝ። እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ነው የሄደው። እውነተኛው ቢሆን ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ሞቶ ነበር።"

"በብረት ሊፈነክትሽ የመጣ ሰው ነው። ማንም አይፈርድብሽም።"

"አይፈርድብኝም። በላስቲኩ ስመታው ግን እያንዳንዱን ምት ወስኜ ነው የመታሁት። ሦስተኛውን አያስፈልግም ነበር፤ እሱንም የወሰንኩት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ።"

ኦርቪል ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረዱ። ሳጥኑን ከፍተው እውነተኛውን፣ ቀጠን ያለውን ጥቁር ሽጉጥ አወጡ፤ ባዶ መሆኑን አይተው አሳዩዋት። አዲስ የቆዳ አፎት ቀበቶዋ ላይ አጠለቁላትና በርጩማው ላይ እንድትቀመጥ ነገሯት። ስትቀመጥ እጀታው ተነስቶ በመዳን ላይ ያለውን ጎድኗን ወጋት። ትንፋሿ ተቆረጠ።

"አየሽ፣ አዲስ ቆዳ ደረቅ ነው። ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ብናመጣው አይነካሽም" አሉና እጃቸውን ወደ ቀበቶው ዘረጉ።

ዶሪን እጃቸውን በቀስታ ያዘች።

"ይተዉት፣ ጋሼ። እዚሁ ይሁን።"

"ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁርሽ ሊውል? በሁለተኛው ቀን ፈትተሽ ወንበር ላይ ትወረውሪዋለሽ።"

"ያኔ የወረወርኩት ለምን እንደታጠቅሁት ስለማላውቅ ነው።"

ተነስታ ቆመች፤ መልሳ ተቀመጠች። እጀታው እዚያው ቦታ ላይ ገባ። ለመተንፈስ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያም ሸሚዟን ገልባ ቀበቶዋን አንድ ቀዳዳ አጠበቀችው።