የሁለት አለቆች ጥያቄ

የሻለም በሯ ላይ ተቀምጣ ለገበያ የሚሆን ምስር ትለቅማለች። እጇ ምስሩ ላይ፣ ዓይኗ ግን ከመንገዱ ማዶ ከሱሀይላ ሱቅ ነበር። ምስሩን ገዝቶ የሚበላ ሰው ለጥርሱ ይወቅበት፤ በዚያ ሳምንት የሻለም ለጠጠር የሚሆን ዓይን አልተረፋትም። ልጇ ሰብሌ ከሱቁ ትልቅ መስታወት ፊት ቆማ፣ እጇን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ለገዛ ምስሏ ታወራለች። ሱሀይላ ደግሞ ከተሰቀሉት አባያዎች ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን ይዛ እንደ ዳኛ ታዳምጣለች። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ ከዚህ ማዶ አይሰማም። የሻለም ግን መስማት አያስፈልጋትም። የሚስቁት በእሷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሰብሌ የጽሑፍ ፈተናውን ባለፈች ሰሞን ነው። ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ፣ አንድ የብድርና ቁጠባ ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ሊቀጥር ሲያወዳድር ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር፤ ሐሙስ። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። የሻለም ግን ሰማዩ ሲጠራ «ምን ሊያወርድብን ነው» የምትል ሴት ናት። እልልታውን አቆይታ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። እሷም እኮ በጊዜዋ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ናት።

«‹ስለ ራስሽ ንገሪን› ሲሉሽ፣ የገበየሁ ልጅ ነኝ በይ። አባትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ አገር የማያውቀው የለም።»

«እማ፣ የሚቀጥሩት እኮ እኔን ነው።»

«‹ድክመትሽ ምንድን ነው› ካሉሽ የለኝም ነው። ድክመት የሚነገረው ለነፍስ አባት ነው። ለእነሱ ብትነግሪያቸው ይጽፉታል፣ አንዱ ማታ ለሚስቱ ያወራል፣ ቅዳሜ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያገባሻል?»

«‹ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ› ቢሉኝስ?»

«አምስት ዓመት!» የሻለም አማተበች። «እግዜር ያውቃል በይ። ነገ ማደሯን የማታውቅ ልጅ!»

ሰብሌ በማግስቱ መንገዱን ተሻግራ ሱሀይላ ሱቅ ገባች።

ሱሀይላ ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ አረብ አገር የሄደች፣ ብዙ ዓመት ሠርታ ተመልሳ ይቺን የልብስና የሽቶ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። ሰው ፊት ቀርቦ መመርመርን ግን አሳምራ ታውቃለች። በኤጀንሲ ቢሮ፣ በስልክ ቪዲዮ፣ በማታውቀው ቋንቋ ስንቷ እመቤት ከእግር እስከ ራስ አገላብጣ ጠይቃታለች።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሰብሌ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ድክመት የለኝም የሚል ሰው ውሸታም ነው አለች። ‹ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፣ አሁን ግን ሰው ፊት መናገር እየተለማመድኩ ነው› ልበል።»

«ማን ናት ያለች?»

«ሱሂዬ።»

ሱሂዬ! ሰብሌ የወለደቻትን እናቷን እንኳ «እማዬ» የምትላት የምትፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ በደህናው ቀን እማ ናት። ሽቶ ነጋዴዋ ግን በአንድ ቀን ሱሂዬ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ የሻለም የማታየው ነገር አልነበረም። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ መራመድ ጀመረች። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ትክ ብላ ታያለች። ታላቅ ፊት ዓይን መስበርን ያስተማረቻት የሻለም ናት።

«ሰው ዓይን ውስጥ ገብተሽ የምታፈጪው ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ዓይን የሚሸሽ ሰው የሰረቀ ይመስላል፤ ሱሂዬ ናት ያለችኝ።»

«እንግዲያው እኔ ሌባ ሳሳድግ ነው የኖርኩት።»

ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። ሰብሌ ጃንጥላዋን ረስታ ሄዳ ነበርና ለየሻለም ሰበብ ተገኘ። ጃንጥላውን ይዛ መንገዱን ተሻገረች፤ ከሱቁ በር ስትደርስ ግን የሱሀይላን ድምፅ ሰምታ ቆመች።

«ከዚህ ከመካነ ሰላም ውጭ ብትመደቢ ትሄጃለሽ?»

«አዎ። ወግዲም ይሁን ማሻ፣ ሥራው ባለበት እሄዳለሁ።»

«እንዲህ ነው! እስኪ አንዴ ድገሚልኝ፣ አሁን ፈገግ እያልሽ።»

ሰብሌም ደገመችው፣ ፈገግ እያለች።

ለየሻለም ከ‹እሄዳለሁ›ው ይልቅ ፈገግታው ባሰባት። ያለ እሷ ማንም የሌላት እናት ደጅ ላይ በዝናብ ቆማ፣ ልጇ ከቤት መውጣትን በሳቅ ትለማመዳለች፤ አለማማጇም ይቺ ናት። ገባች።

«እትዬ የሻለም! እሰይ፣ በደህና ጊዜ መጡ» ብላ ሱሀይላ ከበርጩማዋ ተነሳች። «ይቀመጡ፣ ጠያቂ ይሁኑልን። የእርስዎን ፊት አይታ ያልደነገጠች ልጅ የትኛውም ኮሚቴ አያስደነግጣትም።»

ሰብሌ ሳቋን ዋጠች። የሻለም ሲዋጥ አየችው። ጃንጥላውን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።

«መብራት ጠፋ። ኔትወርክ የለም። ሰው ከሩቅ ገጠር መጥቶ ተሰልፏል። አንዱ ተናዶ ዱላ አነሳ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዱላ?» አለች ሰብሌ።

«ይነሳል።»

«ወላሂ ጥሩ ጥያቄ ነው!» ሱሀይላ አጨበጨበች። «ይጨምሩላት።»

የሻለም ጨመረች። አሁን የምታየው ሰብሌን ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሱሀይላን ነበር።

«ሁለት አለቆች አሉሽ። አንደኛዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያጎረሰች... እያሠለጠነች ያደረሰችሽ ናት። ሁለተኛዋ ትናንት የመጣች፣ ሽቶ የምታበዛ ናት። አንዷ ሂጂ፣ አንዷ ቅሪ ይሉሻል። የማንን ትሰሚያለሽ?»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። ሰብሌ እንደተማረችው አንገቷን ቀና አደረገች፤ ዓይኗ ግን እንባ አዝሏል።

«ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ እንዲነጋገሩ አደርጋለሁ። እስኪስማሙ ድረስ እኔ መሀል አልገባም።»

ጃንጥላውን ከእናቷ ጭን ላይ አንስታ ወጣች።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ሽቶዬ ያን ያህል ይሸታል?» አለች ሱሀይላ።

«ልጄን እየወሰድሽብኝ ነው።»

«እኔ?» ሱሀይላ ልትስቅ ብላ ተወችው። «አብራኝ ትቆይና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ‹እማ ትጠብቀኛለች› ብላ ብድግ ትላለች። አንድም ቀን አምሽታልኝ አታውቅም። እርስዎ በር ላይ ቆመው ሲቀበሏት ከዚህ ሆኜ አያለሁ።» የተሰቀለ አባያ ጫፍ ይዛ ታሻሽ ጀመር። «እኔ ስሄድ ኤጀንሲው ‹ልጅ አለሽ ወይ ሲሉሽ የለኝም በይ› አለኝ። ልጅ ያላት ትናፍቃለች፣ ሥራ ላይ አትረጋም ይላሉ። የለኝም አልኩ። ልጄን ደሴ ያለችው እህቴ አሳደገቻት። ዛሬ እህቴን እማ ትላታለች፤ እኔን ሱሀይላ። ሰብሌ ሱሂዬ ስትለኝ... ይተዉኝ እባክዎ። የምቀናውስ እኔ ነኝ።»

የሻለም የእውነት አዘነችላት። ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ጮቤ ረገጠ፦ «እማ ትጠብቀኛለች» ብላለች! ያንን ብቻ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤቷ ተሻገረች።

ይሁን እንጂ የወግዲና የማሻ ነገር አልለቀቃትም። ረቡዕ በእራት ላይ አነሳችው።

«ከመካነ ሰላም ውጭ ሲሉሽ፣ እናቴ ብቻዋን ናት በይ። እሺ?»

ሰብሌ ጉርሻዋን ዋጠች። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወጡ ዛሬ ይጣፍጣል።»

እማዬ። የሻለም ከገበታው ተነስታ እጇን ታጠበች።

ሐሙስ ከድርጅቱ ቢሮ ማዶ፣ ከአንድ ግንብ ሥር ቆማ ስትጠብቅ ሱሀይላ እየተጣደፈች መጣች።

«ሱቅሽን ማን ይጠብቃል?»

«አላህ።»

ሰብሌ ስትወጣ የሻለም ፊቷን አላየችም፤ እግሯን ነው ያየችው፣ ወደ ማን እንደሚያመራ። እግሩ መጥቶ በሁለቱ መሀል ቆመ።

«ድክመቴን ጠየቁኝ፤ መለስኩ። አምስት ዓመቱንም።»

«ዱላውንስ?» አለች የሻለም።

«ዱላ አልጠየቁኝም፣ እማ። ከመካነ ሰላም ውጭ ትሄጃለሽ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?» ሁለቱም እኩል።

«እናቴ ብቻዋን ናት፣ ግን እሄዳለሁ አልኩ።»

«ፈገግ ብለሽ?» አለች ሱሀይላ።

«ፈገግታው አልመጣልኝም።»

የሻለም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ልታለቅስ ይሁን ልትመርቃት እሷም አላወቀችም።

ውጤቱ ሲወጣ ሰብሌ አልፋ ነበር፤ ምድቧ ወግዲ። በምትሄድበት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። አንዷ በሶና ቆሎ ቋጠረችላት፣ አንዷ ሹራብና ሽቶ። መኪናው ከዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ጎን ለጎን ተመለሱ። ከሱቁ በር ሲደርሱ ሱሀይላ ቁልፏን እየፈለገች ጠየቀች።

«ለመሆኑ ማን ቤት ነው የተከራየችው?»

«አልታዬ የምትባል ሴት ግቢ። ቤት ያፈላለገላት ሰው እጅግ ደግ ሴት ናት ብሏል።»

«እጅግ ደግ?»

«እጅግ።»

«ልጆች አሏት?»

«የሏትም አሉ።»

ሱሀይላ ቁልፉን መፈለግ ተወች። «እንግዲያው ማታ ማታ ነይ አብረን እንብላ ትላታለች።»

«ትላታለች እንጂ። ስትታመም የምታስታምማትም እሷ ናት።»

«ታቀማጥላታለች።»

«ልማድ ታስይዝብናለች» አለች የሻለም። ሱሀይላ ‹ታስይዝብናለች› ወይስ ‹ታስይዝብኛለች› ማለቷን ልትጠይቃት አልፈለገችም።

ለአፍታ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ሁለቱም አዩ።

«ቅዳሜ ወደዚያ መኪና ይኖር ይሆን፣ እትዬ?»

«ጠዋት በአሥራ ሁለት ይነሳል» አለች የሻለም። መናኸሪያው እያሉ፣ ሰብሌ ሻንጣዋን ስታስጭን፣ ሹፌሩን ጠይቃው ነበር።