ላፕቶፕ ሲከፈት አፍ ይዘጋል

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ላፕቶፕ ሲከፈት አፍ ይዘጋል። የአራት ዓመቷ ሊና ይህን ሕግ የተማረችው በጥፊ ነው።

የመጀመሪያውን ጥፊ እናቷ ሶሬቲ አይታለች። ያን ቀን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ባሏን ኢዩኤልን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ «ሁለተኛ እጅህ ከተነሳባት ልጄን ይዤ ነቀምት እናቴ ጋ እገባለሁ። ተመልሼም ዓይንህን አላይም!» አለችው። ሁለተኛው ጥፊ ትናንት ነበር። ሶሬቲ አላየችም። ኢዩኤል የልጅቷን ጉንጭ በቀዝቃዛ ውሃ እያበሰ፣ «ለእማዬ አንነግርም፤ እሺ?» ሲላት ራሷን ነቀነቀች።

እሱ ተምሮ አሥራ ሁለት ዓመት በኖረበት ስዊድን ልጅ የመታ አባት ፖሊስ በሩን ያንኳኳበታል። ይህን እያወቀ ነው የመታት። «ልጄን በአገሯ ላሳድጋት» ብሎ ተመለሰ፤ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ግን ዛሬም ለዚያው አገር ኩባንያ ነው። መመለሱ ለማን እንደበጀ ራሱም አያውቅም። ሶሬቲ ኦሎምፒያ አካባቢ ባንክ ስትሠራ ትውላለች፤ ሞግዚቷ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

ዛሬ አለቆቹ ኮንትራቱን ያድሱለት እንደሆነ የሚወስኑበት ስብሰባ ነው። ገና ሰላምታ እንደተለዋወጡ ከምድር ቤት የበያጁ የሀይደር ግራይንደር ብረት መቁረጥ ጀመረ። ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

«ኢዩኤል፣ አንሰማህም» አለች አለቃው ከስክሪኑ።

የጆሮ ማዳመጫውን ወረወረው። ጣቱን ወደ ሊና ቀስሮ፣ «ላፕቶፑ ክፍት ነው! ማንም ቢጠራሽ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አላትና ወጣ። የብረቱ በር ከኋላው ድው ብሎ ተዘጋ።

እየሮጠ ወርዶ የግራይንደሩን ሶኬት ነቀለ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ? ስብሰባ ላይ ነኝ!»

ሀይደር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «የምን ስብሰባ? በቁምጣ?» ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሚስት ሥራ ወጥታ ባል ቤት ሲውል ጆሮው ይሳሳል። ሰካው በል። ወላሂ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ኢዩኤል አፍንጫው ላይ በቡጢ አሳረፈበት። ሀይደር ተንገዳግዶ ብረት ክምር ላይ ወደቀ፤ ሲነሳ በቴስታ መለሰለት። የኢዩኤል ቅንድብ ተተረተረ። ተያይዘው ኮብልስቶኑ ላይ ተንከባለሉ። ኢዩኤል የብረት ዘንግ ሲያነሳ ሀይደር ክንዱን ነከሰው። የሚያስፈራው ነገር፣ ኢዩኤል ደስ ብሎት ነበር። ስንት ወር ሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኖሮ፣ ዛሬ ጮኸ።

«ልጅቷን ለማን ትተህ ነው?» አሉ የፊት ለፊት ጎረቤቱ እትዬ አዝመራ ከላይ ሆነው።

ኢዩኤል ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ የለም። ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

ያ በር ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ከውስጥ ግን ሊናም ትከፍተዋለች። «ሊና! በሩን ክፈቺ!» መልስ የለም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክዳን የሌለው በርሜል አለ፤ ውሃ ትናንት ስለመጣ እስከ አፉ ሞልቶታል። ከሥሩ የልጅቷ በርጩማ አለ። ኢዩኤል በሩን በትከሻው መታ፤ በእግሩ፣ በግንባሩም መታ። «ሊናዬ! የኔ ማር! አንዴ ብቻ ተናገሪ!»

ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ።

ሀይደር ደም ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ ግራይንደሩንና ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። «ዞር በል። ይሄን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በትከሻ አይሰበርም።» ገመዱን እትዬ አዝመራ ቤት ሰካ። ብልጭታው ፊታቸው ላይ ረገፈ፤ ያ ጥርስ የሚበላ ድምፅ ፎቁን ሞላው። ኢዩኤል አሁን «ጨምር! ጨምርበት!» እያለ ይጮኻል። ብረቱ አልቸኮለም።

እትዬ አዝመራ ደውለውላት በታክሲ የመጣችው ሶሬቲ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ስትጨርስ፣ በሩ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ።

በርሜሉ ውስጥ ማንም የለም። ሊና ጠረጴዛው ሥር ነበረች፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭናለች። ከራሷ በላይ ላፕቶፑ ክፍት ነው፤ ስብሰባው ተበትኗል።

«አልተናገርኩም አባዬ» አለች በጣቶቿ መሃል። «ስትጠራኝም አልተናገርኩም።»

ኢዩኤል ተንበርክኮ ሊያቅፋት ደም የነካ እጁን ዘረጋ። ሊና ክርኗን አንስታ ፊቷን ከለለች፤ ፈጥና፣ እንደለመደ ሰው።

ሶሬቲ አየች። ሀይደርም አየ።

«ስንት ጊዜ መታሽ?» አለች ሶሬቲ።

ሊና እናቷን አየች፤ ቀጥላ ላፕቶፑን አየች። ሶሬቲ ገባት፤ በኃይል ከደነችው። «ይኸው ተዘጋ። ንገሪኝ።»

ሊና ሁለት ጣት አወጣች።

ሶሬቲ ጫማ እንኳ አልፈለገችላትም። ልጅቷን አቅፋ፣ በወደቀው በር ላይ ተራምዳ ወጣች። ኢዩኤል ሊከተላት ሲሮጥ ሀይደር በደረቱ መንገዱን ዘጋበት።

«ሞክር» አለው። «እስቲ እጅህን አንሳ።»

ኢዩኤል እጁን አየ። ተነስቶ ነበር።