አልነሳም ያለው አጎት

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ታረቀኝ እልህ ሲይዘው የእጁ ሥራ ይባስ ያምርለታል። በዚያ ሰሞን እልህ ያስያዙት ሹሙ አቶ ተክለማርያም ነበሩ፤ «መዶሻህ እንቅልፍ ነሳን፤ ሱቅህ ከገበያው መንገድ ይነሳና ወንዝ ዳር ውረድ» ብለውታል። ወንዝ ዳር ደግሞ ባልዲ ሊገዛ የሚወርድ ማን አለ?

አቶ ተክለማርያም እጅ ለነሳቸው ሰው ይራራሉ፤ ብቻ በቅጡ አያዩትም። መነጽር ያስረጃል ብለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ታረቀኝ ይህን ሲያውጠነጥን ከረመና ከነጭ ጋዝ ቆርቆሮ ሰው ሠራ። ወገቡ ላይ የአልጋ ሞላ፣ እግሩ ሥር የብስክሌት ሰንሰለት አለው፤ የደጃፉን ሳንቃ ሲረግጡለት ከወገቡ ታጥፎ እጅ ነሥቶ ቀጥ ይላል። የሠርግ ኮቱን አለበሰው፣ ባርኔጣም ደፋለት።

ሚስቱ ካሳነሽ አይታ፣ «ለኔስ አንድ ቀን እንዲህ ዝቅ ብለህ ታውቃለህ?» አለችው።

ቅዳሜ ሹሙ መጥተው ሳንቃውን ረገጡ። ቆርቆሮው ዝቅ አለ፤ ሰንሰለቱ ቀጭ ብሎ ተያዘና እንዳጎነበሰ ቀረ።

«ይበቃል፣ ይነሡ አባቴ» አሉ ሹሙ። ዝም። «ኧረ በሞቴ!» ንቅንቅ የለም።

ካሳነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበች። «የባለቤቴ አጎት ናቸው ጌታዬ፤ ከሩቅ አገር፣ ከጪጩ ድረስ ነው የመጡት። ሱቁ አይነሳም ካልተባለ እኔም አልነሳም ብለዋል።»

ገበያተኛው ከቧቸዋል። ያጎነበሰ ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ለሹም ነውር ነው። «እሺ፣ አይነሳም!» አሉ። ሽማግሌው እንዳጎነበሱ ናቸው።

«አሁን ደግሞ ምን ቀራቸው?»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው ነው።»

ለመጻፍ መነጽር ማውጣት ግድ ሆነ። አቶ ተክለማርያም ጻፉ፣ ፈረሙና ቀና አሉ። ከባርኔጣው በታች፣ ከሽማግሌው ማጅራት ላይ፣ «ከእሳት አርቅ» የሚል ጽሑፍ አፈጠጠባቸው።

ታረቀኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ሹሙ ቆርቆሮውን አዩ፤ ገበያተኛውን አዩ። በሞቴ ብለው የለመኑት ጣሳ መሆኑን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ይናገሩት? ወረቀቱን ለካሳነሽ ሰጡ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ደህና ይዋሉ፣ አባቴ» ብለው ሄዱ።

ታረቀኝ ተንፍሶ ሰንሰለቱን ሊያላቅቅ ጉጠት አነሣ። ካሳነሽ እጁን ያዘችው።

«ተው፣ አጎትህን አታስነሣ፤ ገና ሹሙን የውኃ ቧንቧ አልጠየቁልንም።»