ጃርት የበላው ገመድ

ጣሊያን ሮቢት በሰፈረ ጊዜ ባሌ ተክሌ የጣሊያኑን መኮንን ቤት መብራት ይጠብቅ ነበር። መብራቱ ከጦር ሰፈሩ ሞተር የሚመጣው መሬት ውስጥ በተቀበረ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ነው። አንድ ቀን የቤቱ ግማሽ ጨለመ። ተክሌ በአምፖል ቢሞክር ሞተሩ ጋ ሦስቱም ሽቦ ያበራል፣ ቤቱ ጋ ሁለቱ ብቻ። "አንዱ መንገድ ላይ ተበጥሷል" አለና ሞተሩን አስጠፍቶ ገመዱን ተከትሎ ሄደ። እኔም ምሳውን ይዤ ተከተልኩት።

በጎረቤታችን በአደም ማሳ ላይ አዲስ የተማሰ አፈር አገኘን። ተክሌ ገለጥ ቢያደርገው ገመዱ በዶማ ተወግቷል። አጠገቡ አደም ማሽላውን ከጣሊያን የደበቀበት ጉድጓድ ነው። ገመድ የቆረጠ ይሰቀላል፣ እህል የደበቀም እንዲሁ።

አደም አይቶን ከማሳው ዳር መጣ። "አንተ አደም፣ ሌላ መሬት አጣህ?" አልኩት።

"እህል የሚቀበረው ውሃ በማይተኛበት ነው፣ እትዬ ፋናዬ። እነሱም ገመዱን ሲቀብሩ ይህንኑ አይተው ነው መሰል።"

ተክሌ የተወጋውን በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ጥርስ የበላው አስመሰለው። መኮንኑ ከአስተርጓሚውና ከአንድ ወታደር ጋር ሲመጣ፣ "ጃርት ነው" አለው።

መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየና አመነ። አደም ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

"ነገም ተመልሶ ይበላል ይላል ጌታው" አለ አስተርጓሚው። "የተደበቀበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ጃርቱ ይውጣ።"

ወታደሩ ዶማውን ለአደም ሰጠው። አደም ራቅ ብሎ ሊቆፍር ሲል ወታደሩ ማሽላው የተቀበረበትን አዲሱን አፈር በጫማው ረግጦ አሳየው።

አደም ተክሌን አየው። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ዶማውን አነሳ።