የቀይዋ ካያክ መርገጫ

ጋሼ ታንኳ እግሩ ረጅም ነው፤ ሱሪ ሰፊው ሁሌ ያማርራል። የፓርኩ ካያኮችና ታንኳዎች ጠባቂ ስለሆነ ከሥራ መውጫው ላይ በቀይዋ ካያክ፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ በሚቀዝፋት ጠባብ ጀልባ፣ ውሃውን ይቃኛል። የእግር መርገጫዎቿንም በራሱ ልክ ወደ ፊት ገፍቶ ያስቀምጣቸዋል። ሰሞኑን ግን ጠዋት ሲመጣ ወደ መቀመጫው ተስበው ያገኛቸዋል። መቀመጫውም እርጥብ ነው።

"አንድ አጭር ሰው እየተጫወተብኝ ነው!" አለ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ካያኳ ላይ የወፍ ላባ ተጣብቆ አግኝቷል፤ ወፎች የሚፈለፍሉበት ቦይ ደግሞ ተዘግቷል፤ ኃላፊውም "እዚያ የገባ ሠራተኛ ይሰናበታል" ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ታንኳ የሰው ፊት ማየት ትቶ እግር ማየት ጀመረ። ጎብኚ ሰላም ሲለው እንኳ በዓይኑ ጉልበቱን ይለካል። ዘበኛው? እሱስ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። የጽዳት ሠራተኛዋ? ውሃ ስታይ ያዞራታል። ቀረ ትኬት ቆራጩ፣ ምጥን የሚሉት።

"ጋሼ፣ ምነው ዓይንህ እግሬ ላይ ተተከለ? ጫማዬ አማረህ?" ብሎ ምጥን ሲቀልድበትማ ጥርጣሬው ለየለት። ቀጥ ብሎ ኃላፊው ቢሮ ገባና "ምጥንን ቦዩ ውስጥ በዓይኔ አየሁት" አለ። ምኑን አየ! ምላሱ ቀደመችው እንጂ። ኃላፊውም "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንብቱን እሰጠዋለሁ" አሉ።

በማግስቱ፣ ያላየውን ለማየት፣ ገና ሲነጋ ደንገሉ ውስጥ ተደበቀ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደ ጠበቀ፣ ቀይዋ ካያክ ከተዘጋው ቦይ ብቅ አለች። የቀዛፊዋን ሻርፕ ሲያይ ክው አለ፤ ራሱ ነው የገዛላት። ሚስቱ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ብሎ ያሰባት።

"ማን ጋር ነበርሽ?" ብሎ ጮኸ።

ልትገለበጥ ምንም አልቀራት። "ማን ጋር ልሆን? አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?"

"የካያኳን ቁልፍ ከኪሴ እየሰረቅሽ!"

"አዎ ሰረቅሁ!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አምና አንተ ስትገለበጥ ዳር ቆሜ ከመጮህ በቀር ምን አደረግሁ? ሁለተኛ ቆሜ አላይህም ብዬ መቅዘፍ እየተለማመድኩ ነው። እዚያ ውሃው ዝም ያለ ነው፣ የሚያየኝም የለም።"

"ዝግ መሆኑን አታውቂም?"

"አንተ መቼ የሥራህን ነገር ነግረኸኝ ታውቃለህ?"

 ጋሼ ታንኳ እሷን በጠረጠራት አፈረ፤ ከዚያ ምጥን ትዝ አለው። ሰዓቱን አየ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ።

በትኬት መስኮቱ በኩል እየሮጠ ሲያልፍ ምጥን አንገቱን አወጣ። "ጋሼ! ዛሬ ደግሞ ያንተን እግር እኔ ልለካ? ጭቃ ብቻ እኮ ነህ!"

ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ኃላፊው ቢሮ ሲገባ የምጥን የስንብት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ትናንት አየሁት ያልኩት ውሸት ነው" አለ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ ማን ነው የገባው?"

"ቁልፉ የኔ ነው፤ የገባችውም ቤተሰቤ ናት። የሱን ስም ይሰርዙና የኔን ይጻፉበት።"

ኃላፊው እስክሪብቶ አነሱና የምጥንን ስም ሰረዙ።